የልብ ምት ሲዛባ፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን ደረጃ በደረጃ

እናቴ ለሁለት ዓመት ያህል የታከመችው ለጨጓራ ነበር። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ማታ ጋደም ስትል ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይርገበገባል፤ አንዳንዴ "ልቤ ቀጥ ብላ ተነሣች" ትላለች። ለዚህ ሁሉ ኦሜፕራዞል ትውጣለች። አንድ ቀን ግፊቷን ልትለካ ጤና ጣቢያ ገባች። መሣሪያው ሦስት ጊዜ ሦስት የተለያየ ቁጥር ሲሰጥ፣ ነርሷ ወደ ጎን አደረገችውና የእናቴን አንጓ በጣቷ ያዘች። ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች። ከዚያ "እማማ፣ ይሄ ልብ እንዲህ መምታት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ሕመሙ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል፤ ሐኪሞች ባጭሩ ኤ-ፊብ ይሉታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቴን ክኒንና የምርመራ ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ቀጠሮ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግራ ለገባው ሰው ነው፤ መድኃኒት የሚያዘውም የሚቀይረውም የእርስዎ ሐኪም ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ኤ-ፊብ ያለበት ሰው የሚፈራው መርገብገቡን ነው። ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መርገብገቡ ሳይሆን ልብ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። "ዛሬ ልቤ ደህና ነው" ብሎ የደም ማቅጠኛውን ያቆመ ሰው፣ ሕመሙ ሳይሆን ስሜቱ ነው የተሻለው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ።

ልብ ውስጥ የሚሆነው

የጤነኛ ልብ ምት የሚነሣው በቀኝ በኩል ካለው የላይኛው ክፍል አናት ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ቦታ ነው። ከእሷ የሚወጣው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለት ክፍሎች፣ ቀጥሎ የታችኞቹን ያኮማትራል። አዋቂ ሰው አረፍ ባለበት ሰዓት ይህ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይደጋገማል።

በኤ-ፊብ ጊዜ ትእዛዙ ከአንድ ቦታ መምጣቱ ይቀራል። በላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ በደቂቃ ከ350 እስከ 600 የሚደርስ የኤሌክትሪክ ግርግር ይነሣል። በዚህ ፍጥነት መኮማተር ስለማይቻል ክፍሎቹ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ደም አይገፉም። ደግነቱ በላይኛውና በታችኛው መካከል እንደ በር ጠባቂ ያለ ቦታ አለ፤ ሁሉንም አያሳልፍም። የሚያሳልፈው ግን ያለ ሥርዓት ስለሆነ ምቱ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ከ100 በላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ደሙ። በግራ በኩል ካለው የላይኛው ክፍል ጎን እንደ ትንሽ ኪስ ያለች ነገር ተንጠልጥላለች። ክፍሉ ካልተኮማተረ ደም እዚያ ኪስ ውስጥ ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። ከረጋው ላይ ቁራሽ ተነሥቶ ከሄደ ወደ አንጎል ይወጣና የደም ሥር ይዘጋል። ስትሮክ ማለት ይኸው ነው። ኤ-ፊብ ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ከኤ-ፊቡ ጋር የጠበበ የልብ ቫልቭ ካለ ደግሞ ከዚያም በብዙ ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ ትርታውን በጣትዎ ይያዙ

የግራ እጅዎን መዳፍ ወደ ላይ ያዙሩ። የቀኝ እጅዎን ሌባ ጣትና የመሃል ጣት በአውራ ጣቱ መስመር ቁልቁል አንሸራተው አንጓው ላይ፣ አጥንቱና ጅማቱ መካከል ያሳርፉ። ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ጠንክረው ከተጫኑት ይጠፋል። በአውራ ጣት አይለኩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ይበሉ።

አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተስተካከለ ልብ እንጂ ለተዛባ ልብ አይሠራም። ሲቆጥሩ ከቁጥሩ ይልቅ አመታቱን ያዳምጡ። እኔ ለቤተሰቡ ያስተማርኩት እንዲህ ነው፦ አብራችሁ ለማጨብጨብ ሞክሩ። ፈጣን ከበሮም ቢሆን ዝግተኛ፣ ሰው አብሮ ያጨበጭባል። አንድ ምት እየዘለለ የሚመለስ ከበሮም ቢሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለመዳል። ኤ-ፊብ ግን የሚቀጥለው ምት መቼ እንደሚመጣ ፈጽሞ አያስገምትም፤ ጭብጨባችሁ ሁልጊዜ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል።

አልፎ አልፎ አንድ ምት መዝለል በጤነኛ ሰውም ላይ ይታያል፤ እንቅልፍ ባጣ፣ በተጨነቀ ቀን ይብሳል። ለዚያ ብቻ ብለው አይደንግጡ።

የግፊት መሣሪያ ላይ አንድ ነገር ላክል። የኤሌክትሪኩ መሣሪያ ምት እኩል ነው ብሎ ስለሚያስብ ኤ-ፊብ ላይ ይሳሳታል። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይመዝግቡ። ውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ዘመናዊ ሰዓትም "ምትዎ የተዛባ ይመስላል" ሲል ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ጥቆማ ነው፤ በእሱ ብቻ ማንም መድኃኒት መጀመር የለበትም፤ ዝም ስላለም ነፃ ነኝ አይባልም።

ደረጃ 2፦ ኢ ሲ ጂ ይነሡ፣ ወረቀቱን ያስቀምጡ

ኤ-ፊብ የሚረጋገጠው በኢ ሲ ጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ በሚያሰፍረው ምርመራ፣ ብቻ ነው። ደረት፣ እጅና እግር ላይ ሽቦ ተለጥፎ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፤ አያምም። ሐኪሙ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ ምት በፊት መታየት የነበረባት ትንሽ እብጠት መጥፋቷንና በትልልቆቹ ምቶች መካከል ያለው ርቀት እኩል አለመሆኑን።

ችግሩ፣ ሕመሙ መጀመሪያ ላይ መጥቶ መሄዱ ነው። ማታ ሲያስጨንቅዎ አድሮ ጠዋት ሲመረመሩ "ደህና ነዎት" ይባላሉ። ያኔ አይተዉት፤ ሆልተር የሚባለውን ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ደረት ላይ የሚታሰር መቅጃ ይጠይቁ። ወይም ሲጀምርዎ በዚያው ሰዓት በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ገብተው ኢ ሲ ጂ ይነሡ።

ወረቀቱን ደግሞ ፎቶ ያንሱት። የኢ ሲ ጂ ወረቀት እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየደበዘዘ ይሄዳል። የእናቴ የመጀመሪያው ወረቀት ዛሬ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ምክንያቱን ፈልጉ

አውሮፓና አሜሪካ ኤ-ፊብ በዋናነት የሽማግሌ በሽታ ነው፤ የሚያመጡትም ደም ግፊት፣ ውፍረት፣ ስኳር፣ የልብ ድካምና የመሳሰሉት ናቸው። እኛም ዘንድ እነዚህ እየበዙ ነው። ግን የልብ ክትትል ክፍል በር ላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁት መካከል የሃያና የሠላሳ ዓመት ሴቶችን ያያሉ። እነዚህ በልጅነታቸው በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት ሆኖ፣ ዓመታት ቆይቶ በግራ ልባቸው ላይኛውና ታችኛው ክፍል መካከል ያለውን ቫልቭ ያጠበበባቸው ናቸው። ቫልቩ ሲጠብ ደም ወደ ኋላ ይከማቻል፤ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክፍል ደግሞ ለኤ-ፊብ ምቹ ነው።

ስለዚህ ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ መቅረት የለበትም። የሚቀጥለው የመድኃኒት ምርጫ በሙሉ በእሱ ላይ ይወሰናል። ገንዘብ ካጠረ ከምን ላይ ይቀነስ ቢሉኝ ከኢኮው አይሁን እላለሁ።

ሁለተኛው የታይሮይድ ምርመራ ነው። እንቅርት ባለበት ሀገር ይህ ሊረሳ አይገባም፤ ከልክ በላይ የሚሠራ ታይሮይድ ልብን ያስሮጣል፣ ኤ-ፊብም ያመጣል። ሰውየው ከስቶ፣ ላብ እያላበው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ታይሮይዱ ሲታከም ምቱ ወደ ቦታው የሚመለስላቸው አሉ። ከዚህ ሌላ የፖታሲየም፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ይታያል። ሌሊት አብዝተው የሚያንኮራፉና በመሃል ትንፋሻቸው የሚቋረጥ ከሆነ ያንንም ይናገሩ፤ እሱም አንዱ ምክንያት ነው።

አልኮልን በተመለከተ ልብን የሚያዛባው የየቀኑ ብቻ አይደለም፤ በአንድ የበዓል ቀን የሚጠጣ ብዙ ጠጅና አረቄም ያስነሣል። ጫት ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትም ይጨምራል፤ ኤ-ፊብ ላለበት ሰው አይሆንም። ቡና ግን ያለ ጥፋቱ ብዙ ተወቅሷል። በልክ የሚጠጣ ቡና ኤ-ፊብ እንደሚያመጣ አልታየም፤ ለእርስዎ ግን ከጠጡ በኋላ ሁልጊዜ የሚነሣብዎ ከሆነ ሰውነትዎን ይስሙ። እናቴ ሦስተኛውን ትታ ከአቦል እስከ ቶና ትጠጣለች፤ እኔም አልከለክላትም።

ደረጃ 4፦ ደም ማቅጠኛ ያስፈልጋል? የትኛው?

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቫልቩ በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ጠቧል? ወይስ በብረት ቫልቭ ተተክቷል? ከሁለቱ አንዱ ካለ የነጥብ ስሌት የለም፤ ደም ማቅጠኛ የግድ ነው፤ እሱም ዋርፋሪን ነው።

እነዚህ ከሌሉ ሐኪሞች ቻድስ-ቫስክ በሚባል ስሌት ነጥብ ይሰጣሉ። የልብ ድካም 1፣ ደም ግፊት 1፣ ስኳር 1፣ የልብ ወይም የእግር ደም ሥር ጥበት 1፣ ከ65 እስከ 74 ዓመት ዕድሜ 1፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ 2፣ ከዚህ በፊት ስትሮክ ከነበረ 2። በቀድሞው ስሌት ሴት መሆን 1 ነጥብ ነበረው፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ይህን አውጥቶታል። በዚህ በአዲሱ ቆጠራ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ማቅጠኛ ይመከራል፤ 1 ከሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። የ70 ዓመት ግፊት ያለባቸው እናት 2 አላቸው ማለት ነው፤ ልባቸው ቢርገበገብም ባይርገበገብም።

አስፒሪን ይህን ሥራ አይተካም። "ቀለል ያለ ነው" ተብሎ ለኤ-ፊብ ስትሮክ መከላከያ ሲሰጥ ይታያል፤ መድማቱን ያመጣል፣ መከላከሉ ግን ደካማ ነው። አስፒሪን ብቻ ታዝዞልዎ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

አዲሶቹ መድኃኒቶች፣ እነ አፒክሳባን፣ ሪቫሮክሳባንና ዳቢጋትራን፣ የየጊዜው የደም ምርመራ አይፈልጉም፤ ከምግብ ጋርም ብዙ አይጣሉም፤ አንጎል ውስጥ መድማትም ከዋርፋሪን ያነሰ ያመጣሉ። የቫልቭ ችግር ለሌለበት ሰው፣ ኩላሊቱ ከፈቀደና አቅም ካለ የሚመረጡት እነሱ ናቸው። ዋጋቸው ግን ብዙ ቤተሰብን ያስጨንቃል። አፒክሳባን በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሪቫሮክሳባን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ሲሆን የግድ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ጾመኛ ከሆኑ ከሚያፈጥሩበት ዋና ምግብ ጋር ያድርጉት።

ታዲያ ውድና ዘመናዊ ስለሆነ ብቻ ለሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ኢንቪክተስ የተባለ ትልቅ ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ውስጥ የሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤ-ፊብ ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች አካቶ፣ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን ቤተሰብ መድኃኒቶች ጋር አወዳደረ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ሲወጣ ዋርፋሪን የወሰዱት ያነሰ ስትሮክና ያነሰ ሞት ነበረባቸው። ብዙ ሐኪሞች የጠበቁት ሌላ ነበር። ስለዚህ ቫልቯ ለጠበበ እህትዎ ውጭ ያለ ዘመድ "ይሄ ዘመናዊው ነው" ብሎ ሪቫሮክሳባን ቢልክ ሐኪሟ ሳያውቅ አትቀይር።

ደረጃ 5፦ ከዋርፋሪን ጋር መኖር

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ሰው የሚጎዳውም የሚድነውም እዚህ ነው።

ጎረቤታችን ስልኳ ላይ አንብባ "ይሄ እኮ የአይጥ መርዝ ነው" አለቻት እናቴን። እውነት ነው፤ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው ለአይጥ ነበር፤ ለሰው መድኃኒት የሆነው በ1954 ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተበላሸ መኖ በልተው ደማቸው አልቆም ያለ ከብቶች ላይ ነው። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችው። ልዩነቱ መጠኑ ነው ብዬ አስረዳኋት፤ መጠኑን የምናውቅበት መንገድም አይ ኤን አር ነው።

አይ ኤን አር ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ቁጥር ነው። መድኃኒት የማይወስድ ሰው 1 ገደማ ነው። ለኤ-ፊብ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ የብረት ቫልቭ ላለው ሐኪሙ ከፍ ያለ ሊያዝ ይችላል። ከ2 በታች ከሆነ ክኒኑን እየዋጡም በቂ ጥበቃ የለዎትም፤ ወደ 4 እና 5 ሲወጣ የመድማት አደጋ ይጨምራል። ዋርፋሪን ሥራውን በሙሉ የሚጀምረው ከአምስት ቀን ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ቀኑ፣ ሲረጋጋ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ይለካል።

ደብተር ይግዙ። የእኛ አራት መስመር አለው፤ ቀን፣ አይ ኤን አር፣ የክኒን መጠን፣ "ምን ተለወጠ"። አራተኛው መስመር ከሁሉ ይበልጣል። ከእናቴ ደብተር ሁለት ገጽ ላሳይዎ፦

"መጋቢት 10፦ 1.6። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አንድ ሙሉ፤ በሌላው ቀን ግማሽ። ጾም ነው፤ ጎመን በየቀኑ።"

"ግንቦት 2፦ 5.2። መጠኑ ያው። ሆዷን አሟት ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝታ 5 ቀን ወስዳለች። ድዷ ደምቷል።"

የመጀመሪያው ገጽ የጎመን ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ ቫይታሚኑን በብዛት ይይዛሉ። በዐቢይ ጾም ጎመኑ ሲበዛ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ለፋሲካ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና መጠጥ ሲገባ ሊወጣ ይችላል። መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ መጠን መብላት ነው። እኛ አሁን በጾምም በፍስክም በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ጭልፋ ነው የምናወጣላት። ጾም ሲያዝና ሲፈታ ደግሞ ከሳምንት በኋላ ተጨማሪ ምርመራ እናደርጋለን።

ሁለተኛው ገጽ የፋርማሲ ነው፤ ይበልጥ የምፈራውም እሱን ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚሸጠው ሜትሮኒዳዞል፣ ለሽንትና ለሳንባ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው በጣም ያዳክመዋል፤ አዲሶቹንም ማቅጠኛዎች ያዳክማል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ቁጥሩን ብዙም ባይነኩትም ጨጓራን ያደማሉ፤ ለጉልበትና ለወገብ ሕመም በልኩ ፓራሲታሞል ይሻላል። ፋርማሲ ሲገቡ አፍዎ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ቃል "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" ይሁን። ለባህል መድኃኒትም እንዲሁ፤ ምን እንዳለው የማይታወቅ ብጥብጥ ከዋርፋሪን ጋር አይደባልቁ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ።

ስለ ቀለም። ክኒን በቀለም አይለዩ! አንድ ክረምት ላይ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ አክስቴ ከለንደን፣ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ላኩልን። ሁለቱም ሐምራዊ ቅላት ያለው ሮዝ ክኒን። የእንግሊዙ ሮዝ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ የአሜሪካው ሮዝ 1 ሚሊ ግራም። አንድ ማሰሮ ውስጥ ደባልቀናቸው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አምስት እጥፍ፣ በማግስቱ አንድ አምስተኛ ትውጥ ነበር። የሚነበበው ሚሊ ግራሙ ነው፤ ክኒኑም ከዋናው ማሸጊያው አይውጣ።

ክኒኑን ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱት። ከረሱት በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት፤ ከነጋ ግን ይለፍ፤ ሁለት አይደርቡ። ጥርስ ሊነቀሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊደረግልዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ። ለሩማቲክ ልብ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌም አይቋረጥም፤ ከተወጉ በኋላ ቦታውን ጥቂት ደቂቃ አጥብቀው ይጫኑት።

ለወጣት ሴቶች ለብቻው የሚነገር አለ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ይጎዳል፤ አዲሶቹም ለእርግዝና አይሰጡም። ቫልቭ ከጠበበ ደግሞ እርግዝናው ራሱ ለእናቲቱ ልብ ከባድ ነው። ማርገዝ ከታሰበ ሐኪም ጋር የሚኬደው ከማርገዝ በፊት ነው። ሳይታሰብ የወር አበባ ከዘገየ በዚያው ሳምንት ይሂዱ፤ በመርፌ የሚሰጥ ሌላ ማቅጠኛ አለ።

ደረጃ 6፦ ፍጥነቱን ማብረድ

ደሙ ከተጠበቀ በኋላ ወደ ምቱ እንመለሳለን። አብዛኛው ሰው የሚሻለው ምቱ ሲስተካከል ሳይሆን ሲበርድ ነው፤ የተዛባ ግን በደቂቃ 80 የሚመታ ልብ ብዙ አያስቸግርም። ሐኪሞች መጀመሪያ በእረፍት ጊዜ ከ110 በታች ለማድረግ ያልማሉ፤ ሕመሙ ካልቀነሰ ከ80 በታች ለማድረስ ይሞክራሉ።

ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ናቸው። አስም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። በድንገት አያቋርጧቸው፤ ልብ ተመልሶ ይሮጣል። ዲጎክሲን ርካሽ ነው፤ በሚረዳውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ግን ጠባብ ነው። ኩላሊት ሲደክም ይከማቻል፤ ላሲክስ የሚባለው የሚያሸና መድኃኒት ፖታሲየምን ሲያወርድም መርዛማነቱ ይጨምራል። ምግብ ካስጠላዎ፣ ካስመለሰዎ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታየዎ፣ ወይም ምትዎ ከ50 በታች ከወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ ምቱን ወደ ቦታው መመለስ

ለሁሉም አይደረግም፤ ሕመሙ ገና ላልቆየበትና ምልክቱ ለሚያስቸግረው ሰው ይበልጥ ይታሰባል። አንደኛው መንገድ ለአጭር ጊዜ አስተኝቶ ደረት ላይ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። እዚህ ላይ የሚዘለል ሕግ የለም፦ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በሚገባ ደም ማቅጠኛ ተወስዶ፣ ወይም በጉሮሮ በሚገባ ኢኮ የረጋ ደም እንደሌለ ታይቶ ነው የሚደረገው። ከተደረገ በኋላም ቢያንስ አራት ሳምንት ማቅጠኛው ይቀጥላል፤ ልብ ሲስተካከል የላይኛው ክፍል ወዲያው አይነቃምና የረጋ ደም የሚወጣበት ጊዜ ያኔ ነው።

አሚዮዳሮን የሚባለው ክኒን ጠንካራ ነው፤ ታይሮይድን፣ ሳንባንና ጉበትን ግን በየጊዜው ማስመርመር ይጠይቃል፤ ዋርፋሪንንም በእጅጉ ያጠነክረዋል፤ ሲጀመር አይ ኤን አር ደጋግሞ ይለካ።

አብሌሽን ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የተዛባው ምት የሚነሣበትን ቦታ ማቃጠል ወይም ማቀዝቀዝ ነው። የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች በ1998 (እ.ኤ.አ.) ብዙው ምት የሚነሣው ከሳንባ ደም ከሚመልሱት ሥሮች አፍ እንደሆነ ካሳዩ በኋላ ነው የተስፋፋው። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አብሌሽን ተደርጎም የቻድስ-ቫስክ ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ማቅጠኛውን አያቆምም። ቫልቩ ለጠበበ ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚታሰበው ቫልቩን መክፈት ነው።

አደጋ ሲመጣ

ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ስትሮክ ነው ብለው ይነሡ። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየበትን ሰዓት ይጻፉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ሐኪሞቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ሰዓቱንና ደም ማቅጠኛ መውሰድ አለመውሰዱን ነው። በአፍ ምንም አይስጡ፤ ውኃም አስፒሪንም። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ቁጭ ብሎም የማይተው የትንፋሽ ማጠርም ለነገ አይባልም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ከቀላ፣ ነስር በመጫን ካልቆመ እንዲሁ። አዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ነው።

እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ በቋጠረችው ቦርሳ ውስጥ በፕላስቲክ ኪስ የገባች ወረቀት አለች። ስሟ፣ የእኔ ስልክ፣ "ኤትሪያል ፊብሪሌሽን"፣ "ዋርፋሪን"፣ የመጨረሻው አይ ኤን አርና ቀኑ በእርሳስ ተጽፏል፤ በየወሩ ስለሚቀየር። የመጨረሻውን መስመር የጨመርኩት ባለፈው ዓመት መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ "ምንም አልሆንኩም" ባለች ማግስት ነው፦ ጭንቅላቷን ከተመታች፣ ደህና ነኝ ብትልም፣ ሲቲ ስካን ትነሣ።